ወታደሯ ያበበች ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ የቤቴ በር ተንኳኳ። እኔ ጠዋት በር ሲንኳኳ አልወድም። ነጠላዬን ደረብ አድርጌ ስከፍት ሃያት ናት፤ ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖር፣ ባንክ ቤት የምትሠራ፣ እናትና አባቷ ከወሎ መጥተው ልደታ የከተሙ ልጅ። ከሥራ ስትመለስ በረንዳዋን የሞሉትን ቅጠለ ወፍራም ተክሎቿን ትንከባከባለች፤ ቅጠላቸው እንደ ጽጌረዳ በክብ የተደራረበ፣ አንዳንዱ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ አመድማ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጫፉ ላይ ቀይ ጣል ያደረገ ነው። እሷ «ሰክለንት» ትላቸዋለች። ፎቶአቸውን ቴሌግራም ላይ እየለጠፈች አንዷን በአራት መቶ ብር ትሸጣለች፤ እኔ በወጣትነቴ በአራት መቶ ብር ሰርግ ሲደገስ አይቻለሁ ብላት ሳቀችብኝ። የዚያን ዕለት ግን ልትሸጥልኝ አልነበረም የመጣችው። በአንድ እጇ ስልኳን፣ በሌላው እጇ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ መትከያ ይዛ፣ ፊቷ በርቶ፣ «እማማ ሙሉ፣ አበበችልኝ እኮ፤ ይዩልኝማ» አለችኝ።

ተቀብያት ወደ መስኮቱ አስጠጋሁና አየኋት። ከቅጠሎቹ መሀል፣ ከልቧ፣ አንድ ግንድ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጫፉ ላይ ቢጫ እንቡጦች ሰብስቧል። ይቺን ዓይነቷን አውቃታለሁ። እንደሷ ካሉት ሁሉም እንዲህ አይደሉም፤ አብዛኞቹ በየዓመቱ ከጎናቸው ትንሽ አበባ ጣል አድርገው ይቀጥላሉ። ይቺኛዋ ግን ዓመታት ያጠራቀመችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አውጥታ የምትሄድ ናት። «ልጄ፣ ይቺ አበባዋን ስትጨርስ ትሞታለች» አልኳት። «ምንም አታደርጊላትም። ከሥሯ ያሉትን ልጆቿን ነጥለሽ፣ ቁስላቸው ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ሲደርቅ፣ ለየብቻ ትከያቸው።» ሃያት መጀመሪያ የምቀልድ መስሏት ፈገግ አለች፤ ቀጥሎ ፊቷ ጨለመ። መትከያዋን ከእጄ ወስዳ «እማማ፣ ባይነግሩኝ ይሻለኝ ነበር» አለችና ደረጃውን ወረደች።

በዚህ ሕንፃ ላይ ስሜ ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አፏ መራራ ነው ይሉኛል። የከሳውን ከስተሃል እለዋለሁ፤ ሐኪም ቤት ደርሶ መጥቶ «ቀላል ነው አሉኝ» የሚለኝን «ወረቀቱን አምጣው እስቲ» እለዋለሁ። የገዛ ልጄ እንኳ «እማዬ፣ ሰው ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው» እያለች ትቆጣኛለች። ቀስ ማለቱን ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው የለም። አራት ወር ሙሉ ቀስ ብያለሁ። ሃያት ከወረደች በኋላ ቁርስም አልበላ አለኝ፤ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ወደታች ሳይ ዋልኩ።

ከበረንዳዬ ወደታች የሚታየው የመኪና ማቆሚያ ነው። የኛ ግቢ እዚያ ቦታ ላይ የነበረ ይመስለኛል፤ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ምክንያቱም ሰፈሩ ሲፈርስ ምልክት የሚሆነኝን ሁሉ አብሮ አፍርሶታል። ባሕር ዛፉ የለም፣ የውሃው ቧንቧ የለም፣ ከጌጃ ሰፈር ወደ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ስንወርድ ማዕዘኑ ላይ የነበረው ሻይ ቤትም የለም። ያ ሻይ ቤት ሸክላ ማጫወቻ ነበረው፤ ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአሥር ሳንቲም፣ ዘፈኑ ግን በነፃ። ሴት ልጅ ገብታ መቀመጥ ነውር ስለነበር እኔና ጓደኞቼ አጥሩን ተደግፈን እንሰማ ነበር። ባለቤቱ ሸክላ የሚገዛው በዓመት አንዴ ነውና አንድ ዘፈን ዓመቱን ሙሉ ሲደጋገም ግጥሙን ከዘፋኙ በላይ እናውቀው ነበር። በስተግራ የጎረቤታችን የእትዬ ዘይነብ ባል በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ሱሪ ይሰፋል። የዚያን ጊዜ የወንድ ሱሪ ከታች እንደ ቀሚስ የሰፋ ነበር፤ ወንድሜ ወንድወሰን የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ሁለት ሜትር ቴትሮን በአሥራ ሁለት ብር ገዝቶ እሱጋ አሰፍቶ፣ እሑድ ለብሶት ሲወጣ መንገዱን እየጠረገ ነው የሄደው። እናቴ ከበሩ ሆና «ቀበሌው ይክፈልህ» ብላ ሳቀችበት።

ወንድወሰንን ሁላችንም ወንዴ ነበር የምንለው። ከእኔ በሦስት ዓመት ይበልጣል። ሰንጋ ተራ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር፤ ሳሙና የማያስለቅቀው የናፍጣ ሽታ ነበረው። ከዚያ ወደ ሰሜን ሄደ። እንዴት እንደሄደ፣ ማን እንደወሰደው፣ ወዶ ይሁን ተገዶ አሁን አንስቼ አልጨቃጨቅም፤ በዚያን ዘመን ወጣት መሆን ብቻውን በቂ ምክንያት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ በፈቃድ መጣ፣ ለአሥራ አምስት ቀን። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ። ሻንጣውን ሲከፍት በካልሲ የተጠቀለለ የወተት ጣሳ አወጣ። ካልሲውን ሲገፈው ውስጡ ያቺ ነገር ተቀምጣለች፤ የቡና ስኒ አፍ የምታክል፣ ቅጠሏ የተደራረበ፣ አረንጓዴ ክብ። «አፈር የለ፣ ውሃ የለ፣ ገደል አፋፍ ላይ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ቁጭ ብላ አገኘኋት» አለን። እናቴ ጣሳውን ተቀብላ እያገላበጠች «እንዳንተው ወታደር ናት በለኛ» አለች። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ስሟ ወታደሯ ሆነ፤ የግቢው ሰው ሁሉ «ወታደሯ እንዴት አደረች?» ይል ነበር።

አያያዟን ያስተማረኝ እሱ ነው። በእናቴ ግቢ ጤና አዳም አለ፣ በሶብላ አለ፣ ጠርዙ በተላጠ ፖፖ ውስጥ የተተከለ ቀይ አበባም አለ፤ ሁሉም ጠዋት ጠዋት ውሃ ይጠጣሉ። ወንዴ ግን ጣሳውን በሚስማር ታች ታቹን በሳው፤ መንገድ ከሚሠራበት ገረጋንቲ ለቅሞ፣ አሸዋና የከሰል ድቃቂ ጨምሮ፣ አፈሩን ከሲሶ አላሳለፈውም። «ውሃ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ። ቅጠሏን በጣትሽ ጫን ስትያት ልስልስ ካለች ብቻ። ልቧ ላይ ውሃ እንዳታፈሺ፤ እዚያ ከቆመ ይበሰብሳል» አለኝ። ቅጠሏ ሥር ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ ሲወጣባት አረቄ በነካ ጨርቅ እንድጠርግላት፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ሲደርቁ እየላጥኩ እንድጥል ነገረኝ። እናቴን ያስቸገራት ውሃው ነበር። ለምትወደው ነገር አለማጠጣት አይሆንላትም። እሱ በተመለሰ በወሩ ታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ ጣሳውን ባነሳው ሥሩ ውሃ ቋጥሯል፤ ለካ እኔ ሳላይ በየጠዋቱ ታጠጣት ኖሯል። ስቆጣት «ቢጠማትስ?» አለችኝ። የበሰበሰውን ቆርጬ ቁስሉ እስኪደርቅ ሦስት ቀን ጣራ ሥር አስቀምጬ እንደገና ተከልኳት፤ ተረፈች። ከዚያ በኋላ እናቴ ቅጠሎቿን በእርጥብ ጨርቅ አቧራ ከመጥረግ ያለፈ አትነካትም ነበር፤ እሱንም እንደ ሕፃን ፊት ቀስ እያለች ነው።

የወንዴ ደብዳቤ በወር አንዴ ይመጣል። እናቴ ማንበብ አትችልምና አንባቢዋ እኔ ነኝ። በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤው ዘገየ፤ አንድ ወር፣ ከዚያ ሁለት ወር። አባቴ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ወደ ቤት መጣ፤ እኔ ቧንቧው ጋ ልብስ አጥባለሁ። ካጠገቤ ቆመ፣ ከዚያ ኮቱን ሳያወልቅ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ከወንዴ ጋር የነበረ አንድ ሰው ቆስሎ መጥቶ በሥራ ቦታው እንዳገኘው ነገረኝ። ቃሉን በደንብ አላስታውሰውም። «ወንዴ የለም» ያለ ይመስለኛል። ሳሙናው ከእጄ ወደ ገንዳው ሲወድቅ አየሁት፤ እጄን ከውሃው ማውጣት አቃተኝ። አባቴ «ለእናትሽ አሁን አይነገርም» አለ። እናቴ በደም ብዛት ሆስፒታል ተኝታ ከወጣች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር፤ ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካት ብሎ ነበር። «እስክትጠነክር» አለ አባቴ። እኔም እሺ አልኩ። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ አባቴን እምቢ ብዬው አላውቅም።

ቀኑ ግን አይመጣም። ስትጠነክር ሁዳዴ ገባ፤ በጾም በባዶ ሆዷ አይሆንም ተባለ። ከዚያ ፋሲካ መጣ፤ በበዓል ማን መርዶ ይነግራል። ከዚያ የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ልጅ ሰርግ ደረሰ፤ የሰው ደስታ አይበላሽ ተባለ። አሁን የሰው ሞት በስልክ ነው የሚሰማው፤ ሟቹ ሳይገነዝ ፎቶው ላይ ሻማ ተለጥፎ ያገር ሰው ነፍስ ይማር ብሎ ይጨርሳል። ያኔ መርዶ ሥርዓት ነበረው፤ የእድሩ ዳኛና ሽማግሌዎች ተመካክረው፣ ቀን ቆርጠው፣ በማለዳ ነጠላቸውን ለብሰው ሰብሰብ ብለው ይመጣሉ። አባቴም ለእድሩ ዳኛ ነገረ፣ ዳኛው ለሽማግሌዎቹ፣ ሽማግሌዎቹ ለሚስቶቻቸው፤ በሦስተኛው ወር ከእናቴ በስተቀር ግቢው በሙሉ ያውቅ ነበር። እሷን ሲያገኟት ድምፃቸው ይለሰልሳል፣ ሸክሟን ይቀበሏታል፣ ወረፋ ይለቁላታል። እናቴ አንድ ማታ እግሯን እየታጠበች «ከታመምኩ ወዲህ ሰው እንዴት ወዶኛል» አለችኝ።

በነዚያ ወራት ሹራብ ሠራችለት። የሰሜን ብርድ አጥንት ይሰብራል ስላላት፣ አረንጓዴ ክር ገዝታ፣ አንገቱን ከፍ አድርጋ፣ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ትሠራለች፤ የክንዱን ርዝመት በእኔ ክንድ ላይ ትለካና አራት ጣት ትጨምራለች። ሲያልቅ አባቴ እልክለታለሁ ብሎ ጋዜጣ ውስጥ ጠቅልሎ ወሰደው። ማተሚያ ቤት መሳቢያው ውስጥ ነበር የከተተው። እኔ ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ደርሶት ይሆናል» እላት ነበር። ይሄን ውሸት የተቃወመ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እትዬ ዘይነብ። ቧንቧ ጋ ባልዲዬን እየሞላሁ ክንዴን ያዘችኝና «ሙሉዬ፣ ይሄ እኮ የናትሽ ሐቅ ነው። የሰው ሐቅ አይበላም። እሷ ልጇን ማልቀስ አለባት» አለችኝ። አባዬ ነው ያለው አልኳት። «አባትሽም ሐቋን እየበላ ነው» አለችና ባልዲዋን አንስታ ሄደች። ያን ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር። ይሄን ቃል ሰምቼ ያን ዕለት ብናገር ኖሮ ኋላ የሆነው ሁሉ አይሆንም ነበር።

እናቴን ፊት ለፊት ማየት ስላቃተኝ ከወታደሯ ጋር ነበር የምውለው። የማደርገው ነገር ሳይኖር እንኳ ጣሳውን እያዞርኩ፣ ደረቅ ቅጠል እየላጥኩ ጀርባዬን ለቤቱ እሰጣለሁ። አንድ ሰሞን ልቧ ከፍ ከፍ ሲል አየሁ። ክብነቷ ተበተነ፤ መሀሏ እንደ ሾጣጣ ወደላይ ወጣ፤ በሳምንቱ የጣት ርዝመት፣ በወሩ የክንድ ርዝመት ሆነ። እናቴ ደስታዋ ወሰን አጣ። ያበቀላት ልጇ መሰላት፤ «ሲመጣ ያያታል» እያለች ለሁሉም ትናገራለች፣ የምትነግራቸው ሰዎች ወደ መሬት ያያሉ። እኔም አበባው ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር። የሚነግረኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም።

የፈነዳችው በወር መባቻ፣ በልደታ ዕለት ነው። እናቴ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። ፀሐይዋ አጥሩን አልፋ ጣሳው ላይ ስታርፍ እንቡጦቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ ትናንሽ ቢጫ ኮከቦች ሆኑ። ከአራት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእናቴ የምሰጣት እውነተኛ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ውሸት ያልሆነ ደስታ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጎረቤቱ አበባዋን ከቦ ሲያደንቅላት ብታይ ብዬ በየበሩ እየዞርኩ ጠራኋቸው። እትዬ አስካለ መጣች፣ እትዬ ዘይነብ ሻሿን እያሰረች መጣች፣ የእድሩ ዳኛ ከቅዳሴ ተመልሰው ነበርና ጋቢያቸውን እንደለበሱ መጡ፤ አሥራ ምናምን ሰው ሆኑ። አብዛኞቹ ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ስለሆነ ነጭ በነጭ ናቸው። አበባው ቶሎ ይረግፋል ብዬ ስለሰጋሁ ቀስ በሉ አልኳቸው፤ በግማሽ ክብ ቆመው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ጣሳዋን ያያሉ። ዳኛው ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

ያገሬ ሰው ይሄን ስዕል ሳልጨርሰው ይገባዋል። እኔ ግን አልገባኝም ነበር፤ በሩ ተከፍቶ የእናቴን ፊት እስካይ ድረስ። በማለዳ፣ ደጃፏ ላይ፣ ነጭ ለባሽ ሰው፣ አንገቱን ደፍቶ። በእጇ የያዘችው የጠበል ጠርሙስ ወደቀ። እናቴ ወንድም ነበራት፣ ተክሌ የሚባል፤ ይፋት ነው የሚኖረው፣ ኩላሊቱን ታሞ ዓመት አልፎታል፣ ዛሬ ነገ ሲባል ነበር። በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና እጇን ደረቷ ላይ መታችና «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብላ ጮኸች።

ወንድሜን ነው ያለችው። እኔ ቅርብ ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። በነጠላው ውስጥ፣ በለቅሶ በተቆራረጠ ድምፅ፣ ከበሩ እስከ ጣሳው ባለው ርቀት ግን «ወንዴን» እንዳለች ነው የተሰማው። እትዬ አስካለ አራት ወር አፏ ውስጥ የያዘችውን ለቀቀችው፤ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ወንዴ! ወንድወሰን የኔ ጎበዝ! ሬሳህን ያላየን!» አለች። እሷን ተከትሎ ግቢው በሙሉ አለቀሰ። በቃ ተነገራት፣ ተገላገልን ብለው ነው የሚያለቅሱት፤ እውነተኛ ለቅሶ ነበር፣ ብዙ ጊዜ የታፈነ። እናቴ ጩኸቷን አቆመች። ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ቀስ ብላ አወረደችው። ሌሎቹም ፊቷን ሲያዩ ለቅሷቸውን አንድ በአንድ አቋረጡ።

«ወንዴ ምን?» አለች።

እትዬ አስካለ አፏን በመዳፏ ያዘች። እናቴ በሰዎቹ መሀል አልፋ ወደ እኔ መጣች። «ሙሉ፣ ወንዴ ምን ሆነ?» ስትለኝ ሞቷል አልኳት። ሌላ ቃል አልነበረኝም። ቀስ ማለት አራት ወር ከቆየ በኋላ ያቺ አንዲት ቃል ብቻ ናት የቀረችው። «መቼ?» አለችኝ። ከሰማን አራት ወራችን ነው አልኳት። ያን ጊዜ ነው መሬት ላይ የተቀመጠችው፤ ጣሳዋ አጠገብ፣ ጭቃው ላይ፣ ሰው ሊደግፋት ሲመጣ በእጇ እየገፋች። ከሁሉ መጀመሪያ አጠገቧ መሬት ላይ የተቀመጠችው እትዬ ዘይነብ ነበረች። አባቴ ከሥራ ተጠርቶ ሲመጣ እናቴ ቀና ብላ አየችውና ፊቷን አዞረች። እስከሞተበት ቀን ድረስም ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አላለችውም፤ ብትለው ይሻለው ነበር።

ድንኳን ተተከለ፣ ፀጉሯን ተላጨች፣ ሰው ወጣ ገባ። አጎቴ ተክሌ ያንን ሁሉ በሽታውን ተሸክሞ ከይፋት በአውቶቡስ መጥቶ አለቀሰ፤ ቆሞ ሲያለቅስ እያየች «አንተ አለህ ለካ» አለችው። አበባው በሦስት ሳምንቱ ረገፈ። ቅጠሎቹ ከታች ወደላይ ተራ በተራ ሟሸሹ፤ መጨረሻ ላይ ደረቅ ግንድ ብቻ ቀረ። እናቴ ውሃ አላጠጣሻትም ብላ አልተቆጣችኝም፣ ለምን ደረቀችም አላለችም። ከሥሯ ሰባት ልጆች ወጥተው ነበር። ነጥዬ፣ አድርቄ፣ በቲማቲም ጣሳ ተከልኳቸውና ጎረቤት ወሰዳቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ፤ የት እንደደረሱ አላውቅም። የሃያት ተክል የነሱ ዘር ናት ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አይደለችም፣ ከውጭ አገር የመጣች ናት፣ እሷው ነግራኛለች።

ከአርባው በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት እናቴ ምስር እየለቀመች፣ እኔ አጠገቧ ወለሉን እየጠረግኩ፣ ቀና ሳትል ተናገረች። «በአስካለ ልጅ ሰርግ ጨፍሬአለሁ» አለች። «ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ትከሻዬን ስሰብቅ ነበር። በፋሲካ ዶሮ በልቻለሁ። ለሬሳ ሹራብ ሠርቻለሁ። ሁላችሁም እያያችሁኝ።» እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር በይኝ አልኳት። አነሳችኝ፤ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ድካም ነው የነበረው። ከእንግዲህ የማንንም ሞት እንዳልደብቃት ማይልኝ አለችኝ። ልደታን ብዬ ማልኩላት። «አባትሽን አላምነውም። ሰዉንም አላምነውም» አለችኝ፤ «አንቺን ነው የማምነው።»

ሰባት ዓመት አለፈ። በነዚያ ዓመታት እናቴ ሰርግ ስትጠራ ትሄዳለች፣ ወጥ ታማስላለች፣ ሰሃን ታጥባለች፤ ከበሮ ሲመታ ግን ወደ ጓሮ ትወጣለች። ሰዉ ሐዘኗ አልወጣላትም ይላል። እኔ ነበርኩ ምክንያቱን የማውቀው፤ ማን እንደሞተ ሳታውቅ መጨፈር ፈርታ ነው። ከዚያ የእኔ ሰርግ ደረሰ። ቬሎው በስልሳ ብር ኪራይ መጣ፣ ከቤታችን እስከ እትዬ ዘይነብ ደጃፍ ድንኳን ተተከለ፣ በሬው ታሰረ፣ ጠላው ተጠመቀ። ሐሙስ ዕለት አባቴ ወደ ጓዳ ጠራኝ። በሩን ከኋላው ዘጋው። በሽታውን ሰባት ዓመት ችሎት የኖረው አጎቴ ተክሌ ማክሰኞ አርፎ ረቡዕ ተቀብሯል አለኝ። አባቴ አርጅቶ ነበር፤ ባዶውን ግድግዳ ያያል። የወንድ ወገን ሰው ጠርቷል፣ ድግሱ ተደግሷል፣ ከመልሱ በኋላ ሰኞ እንነግራታለን አለኝ። ልነግረው የሚገባኝን ሁሉ አውቀው ነበር። መሐላዬን አውቀዋለሁ፣ የእትዬ ዘይነብን ቃል አውቀዋለሁ። ደግሞም ሙሽራ ነበርኩ፤ ሰርጌን እፈልገው ነበር። እሺ አልኩት።

እሑድ ከሰዓት፣ እኔና ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ድንኳኑ ውስጥ ከፍ ብለን ተቀምጠናል። ከበሮው ደመቀ። ሴቶቹ «የሙሽራ እናት! የሙሽራ እናት!» እያሉ እናቴን ከጓሮ ጎትተው አመጧት። እትዬ አስካለ አንድ እጇን ይዛ ወደ መሀል ስትስባት እናቴ አስለቀቀቻትና ወደ እኔ መጣች። ቬሎዬን የምታስተካክል መስላ ጎንበስ አለች። የቅቤዋ ሽታ ይሸተኛል፣ ትንፋሿ ጆሮዬ ላይ ነው።

«ሙሉ፣ ካንቺ አፍ ልስማው። የሞተ ሰው አለ?»

«የለም እማዬ» አልኳት። «ሁሉም ደህና ነው።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ አመነችኝ፤ ሲያምኑ ፊት እንዴት እንደሚፈታ ያን ዕለት ነው ያየሁት። ጫማዋን አወለቀች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ሰባት ዓመት ያልጨፈረችው እናቴ ከሴቶቹ መሀል ገብታ ጨፈረች። ፎቶ አንሺው ወደ እኔ ዞሮ ሙሽራዋ ፈገግ በይ አለኝ። ፈገግ አልኩ።